ሲስተር አመተሥላሴ ወልደ ጻድቅ፦ የመንዝን ሰው ሕመም ቤቱ ገብተው የጠየቁ

ሲስተር አመተሥላሴ ወልደ ጻድቅ ገብሱ ለአጨዳ በደረሰበት በጥቅምት ወር 1958 ዓ.ም.፣ በመንዝ፣ ከዘመሮ ከተማ ዝቅ ብላ በምትገኘው ሳር አምባ መንደር ተወለዱ። አባታቸው መሪጌታ ወልደ ጻድቅ ይሥሐቅ የደብሩ የዜማ መምህር ነበሩ። እናታቸው ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ ደግሞ በእንግዳ አክባሪነታቸው የታወቁ ሴት ነበሩ።

ፊደልና ዳዊት የተማሩት ከአባታቸው ነው። መሪጌታ የልጃቸውን ጥያቄ መልሰው መጨረስ ሲያቅታቸው፣ “ይቺ ልጅ ያንዱን መልስ ሳትውጠው ሌላውን ትጎርሳለች” እያሉ ይስቁ እንደነበር ታላላቆቻቸው ያስታውሳሉ። አንደኛ ደረጃን በዘመሮ፣ ሁለተኛ ደረጃን በመሐል ሜዳ አጠናቅቀው በነርስነት ከሠለጠኑ በኋላ፣ በ1978 ዓ.ም. በግሼ ራቤል በሚገኝ ክሊኒክ ተመደቡ።

በራቤል ብዙ ዓመት አገለገሉ። ለክትባት ሲወጡ የጓሳን ደጋ በፈረስ ያቋርጡ ነበር፤ ብርዱ ጣት ስለሚያደነዝዝ መርፌ ከመያዛቸው በፊት እጃቸውን በፈረሱ አንገት ሥር ያሞቁ እንደነበር ራሳቸው ያጫውቱን ነበር። ከባለቤታቸው ከመምህር አፈወርቅ ይታየው ጋር የተዋወቁትም እዚያው ነው። መምህር አፈወርቅ ጥርሳቸውን ታመው ክሊኒክ ሄደው ነበር። “ጥርሱስ በሳምንቱ ዳነ፤ ቀጠሮው ግን አላለቀም” ይላሉ መምህሩ። በ1982 ዓ.ም. በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ሰርካለምንና ወንድምአገኝን ወለዱ።

ሲስተር አመተሥላሴ ልጆቻቸውን እያሳደጉ ትምህርታቸውን ቀጠሉ። በሕብረተሰብ ጤና የመጀመሪያ፣ ከዚያም የሁለተኛ ዲግሪያቸውን አግኝተው ወደ ደብረ ብርሃን በመዛወር በጤና አገልግሎት ምርምር ላይ ተሰማሩ። ከዚህ በኋላ የሕይወታቸው ትልቁ ሥራ የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ጥናት ሆነ። ሥርዓቱ ቀላል ነው። አባወራው በዓመት አንድ ጊዜ ያዋጣል፤ ቤተሰቡ ሲታመም መጀመሪያ ውል ወደተገባለት ጤና ጣቢያ ይሄዳል፤ ሆስፒታል የሚያስፈልገው ከሆነም በዚያው በኩል ይላካል። በመንዝና በግሼ ደጋዎች ግን ሰው አዋጥቶ ወደ ጤና ጣቢያው አይመጣም ነበር፤ በዓመቱም ከአባልነት ይወጣ ነበር። መንግሥት ምክንያቱን ለማወቅ ለምርምር በጀት መደበና በ2010 ዓ.ም. ጥናቱን እንዲመሩ ኃላፊነቱን ለእሳቸው ሰጠ።

የመጀመሪያው ዙር ያልተጠበቀ ውጤት አመጣ። መረጃ ሰብሳቢዎቹ በየቤቱ ሄደው “ባለፈው ወር የታመመ ሰው አለ?” ብለው ሲጠይቁ፣ መልሱ ከሞላ ጎደል “የለም” የሚል ሆነ። ገንዘቡን የሚመድበው ኮሚቴ ሪፖርቱ ሲቀርብለት ደስ አለው። የደጋው ሰው ጤነኛ ስለሆነ ነው የማይመጣው ተባለ። ለጥናቱ ሁለተኛ ዙር ገንዘብ እንደማያስፈልግ፣ ለአካባቢው የሚላከው መድኃኒትም ሊቀነስ እንደሚችል መነገር ጀመረ።

ሲስተር አመተሥላሴ በዚያው ሰሞን ለጥምቀት ወደ ሳር አምባ ወረዱ። እናታቸውን ያገኟቸው ጉልበታቸው አብጦ፣ ታቦቱን እንኳ መሸኘት አቅቷቸው ከመደብ ላይ ተጋድመው ነበር። መረጃ ሰብሳቢዎቹ ልጆች እናታቸውም ቤት መጥተው እንደነበር ሲሰሙ፣ “እማዬ፣ ታዲያ ለምን አልነገርሻቸውም?” አሉ።

ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ ተቆጡ። “ምን ማለትሽ ነው! እንግዳ ገና ደጄን ሲረግጥ፣ ቁጭ ሳይል፣ እህል ውኃ ሳይቀምስ አመመኝ ልበለው? እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ ብዬ ሸኘኋቸው። ቆመው ጠየቁኝ፣ ቆመው ሄዱ።”

ሲስተር አመተሥላሴ ይህን ሲሰሙ መጀመሪያ ሳቁ፤ ከዚያ ግን ልጆቹ በየደጃፉ ቆመው የሰበሰቡት የሰላምታ መልስ እንጂ የጤና መረጃ እንዳልነበረ ገባቸው። ያን መልስ የማያውቅ የአገሩ ልጅ የለም፤ እሳቸውም በዚያው ያደጉ ነበሩ። መጠይቁን ሲያዘጋጁ ግን አላሰቡትም።

ችግሩ ሪፖርቱ አስቀድሞ መቅረቡ ነበር። ሁለተኛው ዙር ገንዘብ ካላገኘ ስህተቱ እንደ እውነት ይጸናል፤ የታመመውም ሰው ጤነኛ ተብሎ ይቀራል። ስለዚህ ሳይጠሩ ኮሚቴው ፊት ቀረቡ። ሰብሳቢው፣ “ሲስተር፣ ባለፈው ጤነኛ ነው አሉን፤ አሁን በሽተኛ ነው ሊሉን ነው?” ሲሉ ስብሰባው በሳቅ ሞላ። እሳቸውም አብረው ከሳቁ በኋላ፣ “ሰውየው ያው ነው፤ ጥያቄያችን ነው ደጅ የቀረው። ቤት ገብተን እንድንጠይቅ ፍቀዱልን። ሙሉውን ባትሰጡኝ ግማሹን ስጡኝ” አሉ። ኮሚቴው ብዙ ከተከራከረ በኋላ ግማሹን ፈቀደ።

በ2011 ዓ.ም. መረጃ ሰብሳቢዎቹን እንደገና አሰማሩ። ግቡ፣ ተቀመጡ፣ ሰላምታው ይለቅ፣ የቀረበላችሁን ቅመሱ አሏቸው። ከዚያም ስለ ሕመም ሳይሆን ቤተሰቡ ሳይሄድ ስለቀረበት ሰንበቴ፣ ገበያና ቀብር እንዲጠይቁ አዘዟቸው። ከረዳቶቻቸው አንዱ የነበረው ሰለሞን፣ “ሲስተር፣ በየቤቱ ጠላ እየጠጣን መጠይቁ እንዴት ይሞላል? ማታ እኛን ነው የሚያሳክሙን” ብሎ ቢያማርር፣ “አንተ ቅመስ አልኩህ እንጂ ጨርስ አላልኩህም” ብለው አሳቁበት።

አዲሱ ጥያቄ ሰዉን አናገረው። “የለም” ማለት የለመደው አባወራ ቀብር መቅረቱን ሲጠየቅ ምክንያቱን ሳይናገር አያድርም። በጓሳ ጥግ የሚኖሩት አቶ ወዳጆ፣ “ታዲያ ሰው ጠልቼ የቀረሁ መሰላችሁ? ወገቤ ነው እንጂ! ከሰኔ ጀምሮ እንደ ደጋን ጎብጬ አታዩኝም?” ብለው ተነሥተው አሳዩ። ለምን ጤና ጣቢያ እንዳልሄዱ ሲጠየቁም፣ “ውሉ ያለው ከገደሉ ማዶ ነው። በዚህ ወገቤ ገደል ወርጄ ገደል ከምወጣ፣ እዚህ ጎረቤት ወረዳ በኪሴ ብታከም አይሻልም? ወረዳ የሚለያየን ስንታመም ብቻ ነው፤ ገበያችን እንደሆነ አንድ ነው” አሉ።

የብዙዎቹ መልስ ይህንኑ የሚመስል ነበር። ሰው ታሞ ነበር፤ መድኑንም አልጠላም። የተመደበለት ጤና ጣቢያ ግን በወረዳው ወሰን እንጂ በእግሩ መንገድ አልተመረጠለትም ነበር። ሲስተር አመተሥላሴ ውጤቱን ይዘው ከወረዳ ወረዳ ተመላለሱ። መዋጮውን የሚሰበስበው አንዱ ወረዳ፣ የሚያክመው ሌላው ሊሆን ነውና ስምምነቱ ቀላል አልነበረም። በመጨረሻ ሁለቱ ወረዳዎች ተዋውለው በወሰኑ ላይ ያሉ ቀበሌዎች በሚቀርባቸው ጤና ጣቢያ እንዲታከሙ ተወሰነ። መድኃኒቱም አልተቀነሰም። ከአባልነት ከወጡት አብዛኞቹ በተከታዩ ዓመት ተመለሱ። ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስም በዚያው መድን ጉልበታቸውን ታክመው፣ በ2013 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ በእግራቸው ቤተ ክርስቲያን ሲሳለሙ ኖረዋል።

ሲስተር አመተሥላሴ በቤታቸው ተጫዋች፣ ምግብ ላይ ቸኳይ፣ ቁጣቸው የማይውል የማያድር ሰው ነበሩ። ሲያስተምሩ ድምፃቸውን ከፍ አያደርጉም። ተማሪ ሲሳሳት ደስ ይላቸው የነበረ ይመስላል፤ “በል አብረን እንየው” ብለው ወንበር ይስቡ ነበር።

በ2015 ዓ.ም. የጉበት ሕመም አገኛቸው። በአዲስ አበባና በደብረ ብርሃን ሕክምና ቢደረግላቸውም ሕመሙ ጠናባቸው። የጥናቱ ሦስተኛ ዙር ከመድኑ የቀሩትን ቤቶች የሚያይ ነበር፤ በመንገድ መዘጋትና በገንዘብ እጦት በተደጋጋሚ ቢዘገይም እሳቸው ከአልጋ ላይ ሆነው ይከታተሉት ነበር። ባለፈው ጥር ወር አሁን ቡድኑን የሚመራው ሰለሞን ደውሎ፣ “ሲስተር፣ ዘንድሮ ግማሽ አይደለም፤ ሙሉውን ፈቀዱልን” አላቸው። በትራስ ተደግፈው ቀና አሉና፣ “እሰይ! እንግዲያ ምን ትጠብቃላችሁ? የበልጉ ዝናብ ጭቃውን ሳያመጣ ውጡ እንጂ” አሉት። ያን ዕለት ምሳቸውን በልተው፣ ከመምህር አፈወርቅ ጋር ሲጫወቱ ዋሉ።

በተወለዱ በ59 ዓመታቸው፣ ቅዳሜ የካቲት 8 ቀን 2017 ዓ.ም. ቤተሰባቸው በተሰበሰበበት በሰላም አረፉ። ባለቤታቸውን መምህር አፈወርቅን፣ ልጆቻቸውን ሰርካለምንና ወንድምአገኝን፣ እንዲሁም ሁለት የልጅ ልጆችን ትተው ሄደዋል። በሕመማቸው ወቅት ላስታመሙ የሕክምና ባለሙያዎች፣ ለጎረቤትና ለዕድርተኛ ሁሉ ቤተሰቡ ምስጋናውን ያቀርባል።

የሥራ ባልደረቦቻቸው ግማሾቹ ዛሬ እዚህ ከእኛ ጋር ናቸው። ግማሾቹ ሲስተር ባዘዙት መሠረት ግሼ ወጥተዋል፤ ነገ በማለዳ ሥራ ይጀምራሉ። የሰውን ደጅ የሚያንኳኳ አምላክ ለእሳቸውም የመንግሥቱን በር ይክፈትላቸው፤ ገብተው የሚያርፉበትን ስፍራ ይስጣቸው። አሜን።