የአንጀት ማጠቢያ ዋጋ

ለውድ እህቴ ለእትዬ ሐረገወይን፤ ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? እኛ እዚህ ለንደን ከኤድመንተን ሰፈር ብርድ በቀር ደኅና ነን።

ሐኪሞች አንጀቴን በካሜራ ሊያዩ ነው፤ ተራ ምርመራ ነው። ቀድሞ ለሚጠጣው ማጠቢያ ፋርማሲው ወደ አሥር ፓውንድ ጠየቀኝ። ሻጯ «ስልሳ ከሞላዎት በነጻ ነው» አለችኝ።

«ሃምሳ ሰባት ነኝ፤ ሦስት ዓመት እዚሁ ቆሜ ልጠብቅ?» አልኳት። ባለቤቴ ኂሩት ከፍላ ጎትታ አወጣችኝ።

በሰው ልላክልህ ያሉኝን ኮሶ ግን ይተዉት። ኮሶ ትል ያስወጣል እንጂ ለካሜራ መንገድ አይጠርግም፤ እንግሊዛዊ ሐኪም ፊት ቆሜም ስለ ኮሶ አላብራራም።

ለነገሩ፣ አባባን የወሰዳቸው የሆድ ሕመም በስንት ዓመታቸው ነበር የጀመራቸው? እኔ ሰባ ያለፋቸው ይመስለኛል፤ እርስዎ ደውለው እቅጩን ይንገሩኝ። ስልኩን ኂሩት ካነሳችው ግን ስለ ዝናቡ ያውሩ።

በጸሎትዎ አይርሱኝ፤ በደኅና ያገናኘን።

ታናሽ ወንድምዎ ተክለአብ