አምስት ሰው ለአንድ ወረንጦ

ነሐሴ 3፣ 2003

ዝናብ። ኪዮስኬ ውስጥ ግን አልገባም፣ ተመስገን። ጠዋት አንድ ሬዲዮ ብከፍት በረሮ ቤተሰብ መሥርቶበታል። ከሰዓት አቶ ኤርካሎ መጡ። ስለ አባታቸው የግድግዳ ሰዓት... አምና ለጊፋታ፣ ለወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ይድረስልኝ ብለው ያመጡት። መሄዱንስ ይሄዳል፤ ሲደውል ነው ያሻውን ያህል የሚደውለው። “ዘንድሮስ በዓልን ከእኛ ጋር ይውላል?” አሉ። “ነገ ይምጡ” አልኳቸው። ስቀው ሄዱ። አፌ ለምዶ ነው እንጂ ነገም አይደርስም። ሰዓት ሠሪ “ነገ ይምጡ” ካላለ ምኑን ሰዓት ሠሪ ሆነ?

ብቻዬን መሥራት ነው የምወደው። ሰው አጠገቤ ሲተነፍስ ብሎን ይበራል። ባለቤቴ አስካለች “አንተ ሰው ጠልተህ ነው ሰዓት የወደድከው” ትላለች። አልተሳሳተችም።

ነሐሴ 6

የቀበሌው የጥቃቅንና አነስተኛ ባለሙያ፣ ሚልክያስ፣ መጣ። መንገዱ ኮብልስቶን ሊነጠፍ ነው። ኪዮስኮቹ በሙሉ ይፈርሳሉ።

“እኔስ?”

“ሼድ ይሰጣል፣ ጋሽ ደገፉ። ለተደራጀ።”

“ተደራጅቻለሁ። ወረንጦዬ በቀኝ፣ ካቻቢቴዬ በግራ።”

አልሳቀም። “አምስት ሰው ያስፈልጋል። በዘርፉ የተሰማሩ። ኮሚቴ ይዤ መጥቼ ስትሠሩ እናያለን።”

አምስት ሰዓት ሠሪ ከየት ይመጣል? ፈራሁ። ጠረጴዛዬን ካጣሁ ምን ልሠራ ነው... ቤት ቁጭ ብዬ አስካለችን ላስመርራት?

ነሐሴ 9

አምስት ሆንን። እኔ፤ የአስካለች ወንድም ጩማ፣ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር፤ ከጎኔ ጸጉር የምትሠራው አሳየሽ፤ ፊት ለፊት ሙዝ የሚሸጡት ጌታሁንና ሚስቱ ፋና። ጩማ ከቤት መውጫ ምክንያት፣ ሌሎቹ ጣራ ነው የፈለጉት። ሰዓት ከፍቶ ያየ አንድም የለ። እኔን ሊቀመንበር አደረጉኝ።

የመጀመሪያ ስብሰባችንን አካሄድን። አጀንዳ፦ የጊፋታ በሬ። ከሶዶ ገበያ ይገዛ ወይስ ከተበላ ገበያ? ጩማ ተበላ ይሻላል አለ፣ ተስማማን። ስለ ሰዓት ያነሳ የለም።

ነሐሴ 14

ልምምድ። ጩማ ማጉያ መነጽሩን በማያይበት ዓይኑ ላይ ሰካ። “ታ ኢሻ፣ ወንድሜ፣ እኔ ስንት ሞተር አውርጄ የሰቀልኩ ሰውዬ! ይቺ ምን አላት?” ጌታሁን አስነጠሰ፤ የአንድ ሲኮ ሰዓት ብሎኖች የት እንደገቡ አልታወቀም። አሳየሽ እጇ አይንቀጠቀጥም፣ ግን የሬዲዮ ሽቦ ስታገኝ ትጎነጉነዋለች። ፋና ጠረጴዛህ ቆሽሿል ብላ በቅንነት ጠረገችልኝ፤ በቤንዚን ያጠብኩትን የሰዓት ዕቃና ያላጠብኩትን አንድ ላይ። ጮህኩባት። አለቀሰች። ይቅርታ ጠየቅኩ... ከልቤ ግን አልነበረም።

ነሐሴ 20

ኮሚቴው መጣ። አምስታችንም አጎንብሰን፣ አምስታችንም በጣም ሥራ በዝቶብን። ሚልክያስ ኦሪየንት ሰዓቱን ከእጁ ፈታና ለጩማ ሰጠው። “ትንሽ ወደኋላ ትቀራለች። እስቲ እያት።” እኔ ልይልህ ብዬ እጄን ዘረጋሁ። “ሊቀመንበሩ ይቆዩ” አለኝ።

ጩማ የመኪና ጎማ እንደሚፈታ ሰው ክዳኗን ፈነቀለ። ውስጥ የምትወዛወዘው፣ ሰዓቷን የምታስኬደው ትንሿ ጎማ ተስፈንጥራ በወለሉ ጣውላ መሃል ጭቃ ውስጥ ገባች። አለቀልኝ አልኩ።

አሳየሽ ሰዓቷን ቀስ ብላ ከጩማ ወሰደች፣ በጨርቅ ጠቀለለች፣ መሳቢያ ውስጥ ከተተች። ቀና እንኳ ሳትል “ነገ ይምጡ” አለች።

ሚልክያስ ወደ ኮሚቴው ዞረ። “ባለሙያ ናቸው።” አንዱም “እውነት ነው፣ የእኔም ሰዓት ሠሪ እንዲሁ ነው የሚለኝ” አለ። አለፍን።

ነሐሴ 23

ጠዋት የሼዱን ቁልፍ ልጠይቅ ሚልክያስ ቢሮ ሄድኩ። “ነገ ይምጡ፣ ጋሽ ደገፉ።” ከሰዓት እሱ ስለ ሰዓቱ መጣ። “ነገ” አልኩት። ተያየን።

ነሐሴ 29

ለሚልክያስ ኦሪየንት መለዋወጫ ጠፋ። ገበያውን አዳረስኩ፣ የለም። አንድ ቦታ ብቻ አለ፤ እጄ ላይ። ለሠርጌ የገዛኋት፣ ከእሱ ጋር አንድ ዓይነት... ጎማዋን ነቅዬ የእሱ ሰዓት ላይ ገጠምኩ። የእሱ ሄደች፣ የእኔ ቆመች። አዘንኩ። ግን ጣራ ነው፣ ምን ይደረጋል? የቆመችውን መልሼ አሰርኳት፤ እጄ ባዶ ሲሆን ደስ አይለኝም።

መስከረም 5፣ 2004

ቁልፉ ተሰጠን። ዕቃችንን ሼድ ውስጥ አስገባን። ኪዮስኬ በአንድ ጠዋት ፈረሰ፤ ቆሜ አየሁት።

ከሰዓት ግምገማ። ሚልክያስ መራው። ሂስ ቀረበብኝ፦ ደንበኛ ያመላልሳል፣ ሰው ላይ ይጮሃል፣ ወረንጦ አያካፍልም። ያለችው ፋና ናት። እውነቷን ነው። ግለ ሂሴን አቀረብኩ፣ አልረዳኝም። አራት ለአንድ ጩማ ሊቀመንበር ሆነ። “ስብሰባ ላይ መናገር ይችላል” ተባለ። ቁልፉም ወደ እሱ ሄደ። ሰዓቷን ለሚልክያስ ልሰጠው ስል ጩማ ከእጄ ተቀበለኝ። “በማኅበሩ በኩል ነገ ትረከባለህ” አለው።

መስከረም 11

ሼዱ ተቆልፏል። አሳየሽ ከጣራው ጠርዝ ሥር፣ ከቤቷ ባመጣችው በርጩማ፣ የደንበኛዋን ጸጉር ትሠራለች። “ጩማ ለልምድ ልውውጥ ሐዋሳ ሄዷል” አለችኝ። “ሞዴል ሰዓት ሠሪ ተብሎ። ቁልፉ ኪሱ ውስጥ ነው።”

ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ወረንጦዬ ውስጥ፣ መነጽሬ ውስጥ፣ ጠረጴዛዬ ውስጥ። ሚልክያስ መጣ። ሰዓትህ ተሠርታለች፣ ግን ውስጥ ናት አልኩት። እሱም ተቀመጠ።

“ስንት ሰዓት ሆነ?” አለ።

ከልምድ እጄን አየሁ። ቆማለች።

ያኔ ከበሩ ጀርባ የአቶ ኤርካሎ ሰዓት ደወለ። ሁለታችንም ቆጠርን። እሱ አምስት ነው አለ፣ እኔ ሰባት። ስንከራከር ራሳቸው አቶ ኤርካሎ ከታች ብቅ አሉ። “ዛሬስ?”

“ነገ ይምጡ” አልኳቸው።

እንደ ልማዳቸው ሳቁ። ዕድሜዬን ሙሉ ነገ ብያለሁ፣ አንድ ቀን እንኳ አምኜበት አላውቅም። ዛሬ ግን ከእሳቸው ይልቅ ነገ እንዲመጣ የቸኮልኩት እኔ ነኝ።