ያልተቆፈረው ሩብ

ዛሬ የምንሸኛቸው የአርኪዮሎጂ ባለሙያ እህታችን ከግንበኛ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው፣ ከጡብ ፋብሪካው ጀርባ በነበረች ባለ ሁለት ክፍል ቤት የዛሬ ሰባ አንድ ዓመት ተወለዱ። ገና በእግራቸው ሳይጸኑ ጓሮውን እንደ ዶሮ ይጭሩ ስለነበር አባታቸው «ጭሬ» የሚል ቅጽል ስም አወጡላቸው። በሰባት ዓመታቸው ታናሽ ወንድማቸው የቀበረውን መጫወቻ መኪና ቆፍረው አውጥተው፣ ከስንት ጣት ጥልቀት እንዳገኙት በደብተራቸው መዝግበዋል። መኪናውን ግን ይህን ታሪክ ለጻፈው ለዚያው ወንድማቸው እስከ ዛሬ አልመለሱለትም።

የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ተከታትለው በሃያ ሦስት ዓመታቸው በአርኪዮሎጂ ተመረቁ። እናታቸው «ልጄ ተምራ ተምራ የሰው ጥራጊ ትለቅማለች» እያሉ ለጎረቤት ቢያማርሩም፣ የቁፋሮ ሱሪያቸውን ጉልበት በድርብ ጨርቅ የሚጠግኑላቸው እርሳቸው ራሳቸው ነበሩ።

ከሃያ ሰባት ዓመታቸው እስከ ጡረታ የሠሩት በአንዲት የጠፋች ከተማ ፍርስራሽ ላይ ነው። ሁለት ዓመት እንደሠሩ ቤተ መንግሥቱ ጋ ለመድረስ ተጣድፈው፣ የአንድ ተራ ቤት ወለል ሳይመዘግቡ አስፈረሱ። ያን ወለል መልሶ የሚያገኘው የለም፤ ይህን ባነሱ ቁጥር ይቆጩ ነበር። ከዚያ በኋላ የከተማዋን ሩብ ያህል፣ የተሻለ መሣሪያና የተሻለ ትዕግሥት ይዘው ለሚመጡ ሰዎች ይቆይ ብለው በሽቦ አሳጠሩት።

በሠላሳ አንድ ዓመታቸው የቁፋሮውን ካርታ ከሚያነሱት ቀያሽ ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ሴቶች ልጆች ወልደዋል።

ከተማዋ የጠፋችው ውኃ አጥታ እንደሆነ የደረሱበት እርሳቸው ናቸው። ቦዩ ለዓመታት ሳይጠረግ በደለል ሲሞላ፣ ነዋሪዎቹ በዚያው ዘመን የከተማዋን በር ያሳምሩ ነበር። እህታችን ይህን ካወቁ ወዲህ መንገድ ላይ የፈነዳ ቧንቧ አይተው ዝም ብለው ማለፍ አልቻሉም። የውኃ ቢሮው ስልክ ተቀባይ ድምፃቸውን ለይቶ «እትዬ፣ ዛሬ ደግሞ የትኛው ፈነዳ?» ይላቸው ነበር።

አንድ ጥያቄ ግን ዕድሜ ልካቸውን ሲከነክናቸው ኖረ፦ እነዚያ ሰዎች ውኃው እያለቀ መሆኑን እያወቁ ነው ዝም ያሉት? መልሱ ከቦዩ ጠባቂዎች ቤት ሊገኝ ይችል ነበር። ውሎ አድሮ ግን እነዚያ ቤቶች ያሉት ራሳቸው ባሳጠሩት ሩብ ውስጥ መሆኑ ታወቀ።

ባለፈው ዓመት ሳንባቸው ታመመ። ሐኪሞቹ ተስፋ ሲቆርጡ፣ ዛሬ የቁፋሮው ኃላፊ የሆነችው የቀድሞ ተማሪያቸው የታጠረውን ሩብ ለመቆፈር ያለ እርሳቸው ፊርማ የማይጸና የፈቃድ ወረቀት ይዛ ሆስፒታል መጣች። «እትዬ፣ እርስዎ ብቻ ይፈርሙልኝ፤ በሦስት ሳምንት መልሱን አመጣልዎታለሁ» አለቻቸው። ወንድማቸውም «በሞቴ፣ ፈርሚ» ብሎ ለምኗል፤ ይህን አይደብቅም። እርሳቸው እስክሪብቶውን ተቀብለው ወረቀቱን እስከ መጨረሻው አነበቡ። ከዚያ «ከእንግዲህ የሚመጣ ሰው የለም ብዬ ባስብ ኖሮ እፈርም ነበር» ብለው ወረቀቱን መለሱላት። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረውም አለቀሱ፤ ማወቅ በጣም ፈልገው ነበርና።

ባለፈው ማክሰኞ ረፋድ ላይ መልሱን ሳያውቁ ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አንዲት የልጅ ልጃቸውን፣ ታናሽ ወንድማቸውንና ማንም ያልነካውን ሩብ መሬት ትተው ሄደዋል።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን በሰላም ያሳርፍልን። ያን ሩብ የሚቆፍር ሰውም አያሳጣቸው።