ጋሽ በሱፍቃድ ዝም ያሉ ጊዜ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

ቀኑን ሙሉ የመመረቂያ ጽሑፍ ስጠርዝ ዋልኩ። ጣቶቼ ሙጫ በሙጫ ሆነዋል። አንዷ ተማሪ የራሷን ልትወስድ መጥታ አፍጥጣ አየችኝ። «አንቺ ቢልቂስ አይደለሽም? የእንግሊዟ?»

የእንግሊዟ... እኔ ከሰፈሬ ከአብነት ርቄ ሄድኩ ከተባለ ደሴ ድረስ ነው።

«ግን ለምንድን ነው ስለ እንግሊዝ ብቻ የምትቀልዱት?» አለችኝ። ምን ልበላት? ስለ ሩቅ ሰው ሲቀለድ በር የሚያንኳኳ የለም። ሰሚው ደግሞ የፈለገውን ይሰማል። «ወሬያቸው አያልቅማ» ብዬ አለፍኩት።

እውነትም አያልቅም። ጠቅላይ ሚኒስትሮቻቸው ይመጣሉ ይሄዳሉ፣ ጽሕፈት ቤታቸው አይጥ እንዲይዝ የተቀመጠው ድመት ግን እዚያው ነው። ባለፈው እሑድ አብሮኝ የቀልድ ቪዲዮ የሚቀርጸው ዳዊ «ጠቅላይ ሚኒስትሮቹ ኮንትራት ናቸው፣ ቋሚ ሠራተኛው ድመቱ ነው» ሲል በሳቅ ቀረጻው ተቋረጠ።

እማዬ ሥራችንን «ፈረንጅ ማማት» ነው የምትለው። አንድም ቀን አይታው አታውቅም።

ከሥራ ቦታዬ ከሜክሲኮ አደባባይ በእግሬ መጣሁ። የታክሲው ሰልፍ ተስፋ ያስቆርጣል።

እሑድ፣ ጥቅምት 9

ቀረጻ። ከዳዊ ክፍል ጎን ያለው ብየዳ ቤት የሚዘጋው እሑድ ብቻ ስለሆነ የኛም ቀን እሑድ ነው። ግድግዳው ላይ የዳዊን ብርድ ልብስ ሰቅለን፣ ማይኩን መሃል አድርገን ጀመርን።

የዛሬው ርዕስ እንግሊዞቹ የሚነታረኩበት ነገር፤ ኮሜዲያን ምን ይበል፣ ምን አይበል። እዚያ አገር በቀልዱ ምክንያት ከመድረክ የተሰረዘ አለ። «ተሰረዝኩ» እያለ በየቴሌቪዥኑ የሚዞርም አለ። ሐውልቱ ይነሳ አይነሳ፣ ታሪኩ እንዴት ይነገር... የባህል ጦርነት ይሉታል። ፓርላማቸውም እንደዚያው ነው። ሲሰዳደቡ እንኳን «ክቡር» እየተባባሉ ነው። ዳዊ «ልክ እንደ እድር ስብሰባ» አለ። እድርን ያነሳው እሱ ነው እንግዲህ! እኔ አይደለሁም።

ከዚያ ክርክር። ዳዊ «ማንም በማንም ይቀልድ፣ የተቀየመ ይቀየም» አለ። እኔ ደግሞ «የተቀየመው ጎረቤትህ ሲሆንስ?» አልኩት። እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነበርኩ።

«ምሳሌ አምጪ» አለኝ። አመጣሁ።

«የሰፈራችን እድር ሊቀመንበር ለቅሶ ላይ ንግግር ሲጀምሩ ሟቹ ራሱ ሰዓቱን ያያል። ስለ ድንኳኑ ምሰሶ ተናግረው ሳይጨርሱ ሙት ዓመቱ ይደርሳል።»

ዳዊ በሳቅ ከወንበሩ ሊወድቅ ነበር። ስም አልጠራሁም። ስም አልጠራሁም እኮ...

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

ዳዊ ያቺን የእድር ቀልድ ብቻ ቆርጦ ቲክቶክ ላይ ለቀቃት። ስንት የለፋንበት የእንግሊዝ ፖለቲካ ቁጭ ብሎ እሷ ሄደች። የማላውቃቸው ሰዎች ከአዳማ፣ ከሐዋሳ «ይሄማ የኛ ሰፈሩ ሰውዬ ነው» እያሉ ይጽፋሉ። ለካ በየሰፈሩ አንድ አንድ አለ! ደስ አለኝ። ለራሴ አልዋሽም፣ በጣም ደስ አለኝ።

አመሻሹ ላይ ስኳር ልገዛ ስወጣ ባለሱቁ «እሺ ቢልቂስ፣ ሙት ዓመቱ ደረሰ?» ብሎ ሳቀብኝ። ሰፈሩ አይቶታል ማለት ነው። ሊቀመንበሩ ጋሽ በሱፍቃድስ?

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

መጥፎ ቀን።

ታች ሰፈር ለቅሶ ነበር። ከእማዬ ጋር ሄድን። ጋሽ በሱፍቃድ መጡና ከፊት ተቀመጡ። ሰው ሁሉ ንግግራቸውን ይጠብቃል። እሳቸው ግን አልተነሱም። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው መሬት መሬት ያያሉ። በመጨረሻ ገንዘብ ያዡ ጋሽ ገብረየሱስ ተነስተው «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብለው ቁጭ አሉ። ጋሽ በሱፍቃድ ሊቀመንበር ከሆኑ ጀምሮ እንዲህ ሆኖ አያውቅም። ጥግ ጥጉን የሚንሾካሾኩት ሁሉ ወደኔ ያያሉ።

እማዬ ምንም አላወቀችም። ቀረብ ብላ «ጋሽ በሱፍቃድ፣ ደህና ነዎት?» አለቻቸው። አፋቸውን እንደሸፈኑ በእጃቸው ብቻ ዞር አደረጓት። ሰው አየ። አንዷ ጎረቤት ደግሞ ጊዜ አላጠፋችም፣ እዚያው ስልኳን አውጥታ ለእማዬ አሳየቻት።

እማዬ ከፊቴ ከፊቴ ወደ ቤት ሄደች። ቤት ከገባን በኋላ ጀመረች።

«አባትሽ የሞተ ቀን በዚያ ዝናብ ድንኳኑን ያስተከሉት ማን ናቸው?»

«ጋሽ በሱፍቃድ...»

«እኔ ስሞትስ በር ላይ የሚቆመው ማነው? እንግሊዞቹ ይመጡልሻል?»

ሳቄ መጣ። ዋጥኩት። ከዚያ ያለችው ግን አያስቅም።

«ይቅር ካላሉሽ ይሄን ነገር ትተይዋለሽ። ወላሂ፣ ትተይዋለሽ።»

እማዬ ወላሂ ካለች አለቀ። ልተወው? ሳምንቱን ሙሉ የሰው ጽሑፍ ጠርዤ እሑድ የራሴን ካልተናገርኩ ምን ቀረኝ?

እሑድ፣ ጥቅምት 16

አልቀረጽንም። ዳዊን ቪዲዮውን አጥፋው አልኩት።

«እስካሁን ለእንግሊዝ ኮሜዲያን የመናገር ነፃነት ስንከራከር ከርመን ለአንድ የእድር ሊቀመንበር እናጥፋ? ኧረ ጀለሴ!»

«የእንግሊዝ ኮሜዲያን እናቴን አይቀብርም።»

አጠፋው። ግን ሰው ስልክ ላይ የገባውን ማን ያወጣዋል...

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18

እማዬ ከቅዳሜ ወዲህ ከግቢ አልወጣችም። ቲማቲም እንኳ እኔ ነኝ የምገዛው። እንደታመመ ሰው ተሸፋፍና ትተኛለች። ከኔ ጋር የምታወራው «ብዪ» እና «በሩን ዝጊው» ብቻ ነው።

ዛሬ ግን ሽማግሌ መርጣ ጠበቀችኝ። የአባዬ ጓደኛ ጋሽ በከር፣ ልብስ ሰፊው፤ እና ጋሽ ገብረየሱስ። እሑድ ጠዋት እንሄዳለን።

ዳዊ ሲሰማ «ድንጋይ ተሸክመሽ ነው የምትገቢው?» ብሎ ጻፈልኝ። አልሳቅኩም። ትንሽ ሳቅኩ።

እሑድ፣ ጥቅምት 23

ከየት ልጀምር?

ሽማግሌዎቹ ከፊት፣ እማዬ ከኋላቸው፣ እኔ ከሁሉም ኋላ አንገቴን ደፍቼ። የጋሽ በሱፍቃድ ባለቤት እትዬ ሠርካዲስ በር ሲከፍቱ ደነገጡ። «ምነው? ማን ሞተ?»

ጋሽ በሱፍቃድ ሶፋው ላይ ናቸው። ጉንጫቸው በሻርፕ ታስሯል። በእጃቸው «ቁጭ በሉ» አሉን።

«አንቀመጥም» አሉ ጋሽ በከር። «የመጣንበትን እሺ ሳይሉን አንቀመጥም።»

ዝም።

«ልጅ ናት። አጥፍታለች። ስለ አላህ ብለው ይማሯት።»

ዝም። ዓይናቸው ብቻ ከአንዳችን ወደ አንዳችን ይሄዳል።

«ስለ ልደታ ማርያም!» አሉ ጋሽ ገብረየሱስ።

ዝም። በቃ፣ አበቃልኝ አልኩ። በሽማግሌም እምቢ ያለ ሰው በምን ይመለሳል?

እትዬ ሠርካዲስ ትዕግሥታቸው አለቀ። «ኧረ ሰውየው መናገር አይችልም! ሁለት ሳምንት ሙሉ በጥርስ ሲሰቃይ ከርሞ ትናንት ሦስቱን አስነቀለ። አፉን ጥጥ ሞልቶታል። ምንድን ነው የምትለምኑት?»

ጥርስ! ለቅሶው ላይ ያ ሁሉ ዝምታ... የጥርስ ሕመም። ቪዲዮውን ጨርሶ አላዩትም። ስልካቸው እንኳን ቲክቶክ፣ ፎቶም አታነሳ። ያዩት እትዬ ሠርካዲስ ናቸው። «ጓዳ ገብቼ ብቻዬን ስቄ ወጣሁ። ለሱ ምን ብዬ ልንገረው?» አሉ።

ይቅርታ ልንጠይቅ ሄደን እኛው አሳበቅን!

ጋሽ በሱፍቃድ ጥጡን አወጡ። «ምን... አለች?»

ሁሉም ወደኔ ዞሩ። እንዲህ ያለ መድረክ በሕይወቴ ገጥሞኝ አያውቅም። የቀለድኩባቸው ሰው ፊት ለፊቴ፣ እናቴ ጎኔ፣ ሁለት ሽማግሌ ቆመው። ነገርኳቸው። ቀስ ብዬ፣ ምንም ሳልቆርጥ። ሟቹ ሰዓቱን ማየቱን። ምሰሶውን። ሙት ዓመቱን።

አልሳቁም። ወደ ባለቤታቸው ዞሩ። «ንግግሬ ረጅም ነው እንዴ?»

«አዎ» አሉ እትዬ ሠርካዲስ። አላመነቱም።

ወደ ጋሽ ገብረየሱስ ዞሩ። «እ... ትንሽ ረዘም ይላል።»

ወደ ጋሽ በከር። ጋሽ በከር ጣሪያ ጣሪያውን እያዩ «እንዲያው... ምሰሶው ላይ ይቆያሉ» አሉ።

«ሠላሳ ዓመት!» ጮኹ፣ ጉንጫቸውን ይዘው። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሚነግረኝ አንድ ሰው ይጥፋ? የነገረችኝ ይቺ ልጅ ብቻ? እሷን ይቅር ብያታለሁ። ነይ ልጄ፣ ቁጭ በይ። እናንተ ግን እንዳትቀመጡ!»

ወላሂ እንደዚያ አሉ። እኔ ሶፋው ላይ፣ ሽማግሌዎቹ እንደቆሙ። በመጨረሻ እማዬና እኔ ለሽማግሌዎቹ ለመንንላቸው። «ስለ ነቢ፣ ይማሯቸው» ስትል እማዬ ራሷ ሳቀች። ከዚያ ለቅሶ ወዲህ የመጀመሪያዋ። መተንፈስ እንዲህ ደስ ይላል እንዴ?

ሁሉም ከተቀመጡ በኋላ ጋሽ በሱፍቃድ ቀስ ብለው ተናገሩ። «ስናገር ሰው ይቀመጣል። ስጨርስ ይነሳል። ከዚያ ሐዘንተኛው ከባዶ አግዳሚ ጋር ይቀራል። እና... አስረዝማለሁ። ምሰሶው ሲያልቅብኝ ወደ ሸራው እገባለሁ።» ሊስቁ ሲሉ ጥርሳቸው አመማቸው።

የአባዬ ለቅሶ ጊዜ ትዝ አለኝ። እሳቸው ሲናገሩ እኔ ከኋላ ሆኜ መቼ ነው የሚጨርሱት እል ነበር። እማዬ እጇን እያየች «እኔ እንዲጨርሱ አልፈለግኩም ነበር» አለች።

አፈርኩ። ግን ቀለለኝም። ሁለቱ አንድ ላይ ይመጣሉ ለካ። ስንወጣ እማዬ «ይቅር ብለውሻል፣ በቃ። ማይክሽን ያዢ» አለችኝ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 27

እማዬ ገበያ ወጣች። ስትመለስ እያንጎራጎረች።

ዳዊ ቪዲዮውን መልሶ ሊለቀው ፈለገ። መጀመሪያ ጋሽ በሱፍቃድን እንጠይቅ አልኩት። ሄደን ጠየቅናቸው። «ልቀቁት። ሽማግሌዎቹ ያሉኝንም ጨምሩበት» አሉ። ዳዊ ቀኑን ሙሉ «ይሄ ሰውዬ አራዳ ነው!» ሲል ዋለ።

እንግሊዞቹ የሚጨቃጨቁት ኮሜዲያኑ ይናገር ወይስ አይናገር በሚለው ነው። የተቀለደበት ሰው የት ቁጭ ብሎ ይስማ የሚለውን ግን ሲያነሱ አልሰማሁም። ወይ እኔ አላየሁ ይሆናል። እንጃ። እኔ ግን ከእንግዲህ የሰፈሬን ሰው ከነካሁ መጀመሪያ ፊቱ ቆሜ እነግረዋለሁ። ያስፈራል። ሽማግሌ ከመላክ ግን ይቀላል።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6

የእትዬ እንዳለች ባል ካረፉ ዛሬ ሦስተኛ ቀናቸው። ልደታ ማርያም አጠገብ ጧፍ የሚሸጡት እትዬ እንዳለች። ልጅ የላቸውም። ሁለቱ ብቻ ነበሩ።

ድንኳኑ ሞልቶ ነበር። ጋሽ በሱፍቃድ ተነሱ። «እግዚአብሔር ያጽናሽ። ሰፈሩ ከጎንሽ ነው» ብለው... ቁጭ አሉ! ሰው ተያየ። ጭብጨባ የቀረው ለቅሶ ስለሆነ ብቻ ነው። ከዚያ እሳቸው እንዳሉት ሆነ። አንዱ ጃኬቱን አነሳ። ሁለቱ ሰዓታቸውን አዩ። አግዳሚው ከበሩ በኩል መጉደል ጀመረ። እትዬ እንዳለች የሚወጣውን ሰው አንድ በአንድ በዓይናቸው ይሸኛሉ። ከጠዋት ጀምሮ ቃል አልተናገሩም። ጋሽ በሱፍቃድ ልነሳ አልነሳ እያሉ ጉልበታቸውን ይዳብሳሉ።

እማዬ በክርኗ ጎሸመችኝ። «ተናገሪ እንጂ።»

«ምን?»

«የእንግሊዞቹን።»

«እማዬ፣ ለቅሶ ላይ?»

«ተናገሪ አልኩሽ!»

ተነሳሁ። እንግሊዝ ፓርላማ ውስጥ ድምፅ የሚሰጠው በእግር ነው አልኩ። እጅ አያወጡም። እሺ ያለ በዚህ በር ይገባል፣ እምቢ ያለ በዚያ በር። ቆመው ይቆጥሯቸዋል፣ እንደ በግ።

«ቀልዷን ነው» አለ ጃኬቱን ያነሳው ሰውዬ።

«እውነቴን ነው።»

«በሩን የተሳሳተስ?» ተመልሶ ተቀመጠ። ሌላው «ዘመድህ በዚያኛው በር ሲገባ ብታየውስ?» አለ። ጋሽ በከር እንዲህ ያለ ነገር ለእድራችንም አይበጅም ወይ አሉ። ጋሽ ገብረየሱስ ድንኳኑ አንድ በር ብቻ ነው ያለው ብለው ተከራከሩ። በር ላይ የደረሱት ምን እየተባለ ነው ብለው ተመለሱ።

ያኔ እትዬ እንዳለች ተናገሩ። ድምፃቸው ሻክሯል። «የኔ ሰውዬ ቢሆን በሁለቱም በር ይገባ ነበር። እምቢ ማለት መች ያውቅና...»

ማንም ይሳቅ አይሳቅ አላወቀም። መጀመሪያ የሳቁት እሳቸው ናቸው። ከዚያ አለቀሱ። ከዚያ ስለ ባላቸው ማውራት ጀመሩ፤ ለማን ምን አበድሮ እንደቀረ፣ ስንት ሰው ቤታቸው እንዳሳደረ። ሰው ሁሉ የራሱን እየጨመረ አወራ። የሚነሳ የለም።

መቀመጥ ፈልጌ ወደ እማዬ አየሁ። ወንበሯን ወደ እትዬ እንዳለች አስጠግታ፣ ክንዳቸውን ይዛ፣ ፊቷን ወደኔ መለሰች።

«ቀጥይ» አለችኝ።