ነጥብ ሰባት ይዘለል

ሰኞ፣ ጃንዋሪ 8

ትምህርት ተጀመረ። በረዶው እስከ ጉልበት ነው። አውቶቡሱ እንደ ልማዱ ዘገየ። ምሳ ላይ ድንች ብቻ በላሁ።

አራተኛው ክፍለ ጊዜ ሥነ ዜጋ። ሚስ ላቫሊ ሰሌዳው ላይ ሦስት ሣጥን ሣለች። ሕግ የሚያወጣ፣ የሚያስፈጽም፣ የሚተረጉም። «መሥራቾቹ ሥልጣን የያዘ ሰው አያምኑም ነበር። ለዚህ ነው አንዱ ሌላውን እንዲጠብቅ ያደረጉት» አለች። ከሣጥኖቹ በላይ በትልቁ «ሕዝብ» ብላ ጻፈች። ሥልጣን ሁሉ የሚመነጨው ከዚያ ነው አለች።

እጄን አወጣሁ። «ኦወንን መጠበቅ የነበረበት የትኛው ሣጥን ነው?»

ወንድሜ ኦወን ከሞተ ሁለት ወር እንኳን አልሞላውም። በረዶው አንሸራቶት፣ ከነመኪናው ወፍጮ ቤቱ ጋ ያለው ኩርባ ላይ ወንዝ ገባ። አንዲት የመከላከያ ብረት እንኳ የለም መንገዱ ዳር!

«ኬለብ፣ ከክፍል በኋላ እንነጋገር።»

ለምን በኋላ? የጠየቅሁት አሁን ነው።

ረቡዕ፣ ጃንዋሪ 10

መንገዱ የዋሽንግተንም የግዛቲቱም አይደለም። የከተማችን ነው። ሚስ ላቫሊ ነገረችኝ። የከተማችን መንገድ ደግሞ አለቃው ሕዝቡ ነው፤ በየዓመቱ ማርች ላይ ተሰብስቦ እጁን አውጥቶ ይወስናል። እንደራሴ የለ፣ ምን የለ።

ባለፈው ማርች የመከላከያ ብረቱ ጉዳይ ቀርቦ ነበር አሉ። ነጥብ ሰባት። አንድ ሰው ተነስቶ «ይዘለል» አለ፣ ሌላው ደገፈ፣ ተዘለለ። በቃ። እንዲህ ቀላል ነው።

«ይዘለል» ያለው ፕራት ነው። የከተማው አስተዳደር ቦርድ ሊቀመንበር። ይሄ ቋጣሪ ሽማግሌ! ቀብሩ ላይ መጥቶ ትከሻዬን ነክቶኛል... በዚያ እጁ።

ኦወን እዚያ ስብሰባ ሄዶ ነበር። ስለ ነጥብ ሰባት ግን አንድም ቀን አላነሳልኝም። የነገረኝ ስብሰባው ላይ ለምሳ ስለቀረበው ባቄላ ብቻ ነው። «የዘንድሮው ባቄላ ጥሩ ነበር» አለ።

ቅዳሜ፣ ጃንዋሪ 13

ጉዳዩ እንደገና አጀንዳ እንዲሆን የአሥራ ዘጠኝ መራጭ ፊርማ ያስፈልጋል። የመጀመሪያውን ራሴ ፈረምኩ። ከዚያ ቤት ለቤት።

ሚስተር ከቲንግ በሩን ገርበብ አድርጎ «ፕራትን ልትሰቅለው ነው ወይስ ብረት ልታስተክል?» አለኝ።

«ሁለቱንም።»

«አምጣ ብዕሩን።»

እግሬ ደነዘዘ። ግን አሥራ ዘጠኝ ሞላ!

ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 16

ማዘጋጃ ቤት ሄድኩ። ጸሐፊዋ ሚስስ ተትል ስሞቹን ከመራጮች መዝገብ ጋር አንድ በአንድ አመሳከሩ። ከዚያ ቀይ ብዕር አነሱና ስሜን ሰረዙት። የእኔን!

«አንተ ገና ነህ፣ ልጄ። አሥራ ስምንት የምትሞላው መቼ ነው?»

«ኤፕሪል።»

«ማርች ይቀድማል።»

እሑድ እሑድ ዕቃ መሸጫ ሱቅ እሠራለሁ። ከደመወዜ ግብር ይቆረጣል። ይህች አገር የተነሳችው ድምፅ ሳይሰጡን ግብር አንከፍልም ብላ አይደል? ይህንኑ ጮኼ ነገርኳቸው። «ወንድሜን ስቀብር ዕድሜዬን የጠየቀኝ የለም!» አልኩ።

ከዚያ ወረቀቱን ወደ ራሳቸው ሳብ አድርገው፣ የእኔ ስም ከተሰረዘበት ሥር የራሳቸውን ጻፉ። አሥራ ዘጠኝ።

አመሰግናለሁ ማለት አቃተኝ። በዚያ ፈንታ ያምናውን ቃለ ጉባኤ ጠየቅኋቸው። የፕራትን ቃል ስብሰባው ፊት ላነብበት ነዋ።

«እሱን እንኳ ተወው።»

«የሕዝብ ሰነድ አይደለም?»

«ነው...»

«እንግዲያው ይስጡኝ።»

ረቡዕ፣ ጃንዋሪ 17

«ነጥብ ሰባት ይዘለል ሲሉ ሚስተር ፕራት ሐሳብ አቀረቡ። ሚስተር ኦወን ስፖልዲንግ ደገፉ። "በዚያ ኩርባ ስንት ዓመት ነዳን፤ መንዳት ያቃተው በእግሩ ይሂድ" ሲሉ አክለዋል። (ሳቅ።) በ58 ድጋፍ፣ በ31 ተቃውሞ ተዘለለ።»

ኦወን ስፖልዲንግ። ወንድሜ።

ሳቁን ሳይቀር ጽፈውታል።

ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 12

ስንት ሳምንት አልጻፍኩም። ማንን ልስደብ? የሞተ ሰው ይሰደባል? እኔ ሰድቤዋለሁ። አንተ ጅል። አንተ ጉረኛ...

ዛሬ እማዬን ጠየቅኋት። «ታውቂ ነበር?»

ልብስ እያጠፈች ነበር። አላቆመችም።

«አጠገቡ ነበርኩ።»

«እና ምን አልሽ?»

«ግብር ይጨምራል ተባለ። እጄን አወጣሁ።» የኦወንን ሸሚዝ አጥፋ እንደገና ዘረጋችው። «ስቄያለሁም።»

ማክሰኞ፣ ማርች 5

ስብሰባው። የትምህርት ቤታችን ጂም፣ ተጣጣፊ ወንበሮች፣ የጎማ ጫማ ሽታ። ፕራት የሜፕል ዛፍ ሽሮፕ ከሚያፈላበት ቤት በቀጥታ መጥቶ ጭስ ጭስ ይላል።

የብረቱ ጉዳይ ዘንድሮ ነጥብ ዘጠኝ ነው፤ እዚያ ሲደረስ ሰብሳቢው «መራጭ ያልሆነ ሰው መናገር ጠይቋል፤ የሚቃወም አለ?» አሉ። ፕራት ተነሳ። ደሜ ፈላ።

«ይናገር» አለና ተቀመጠ።

ፕራትን የምሰድብበት ሁለት ገጽ ጽፌ ነበር። ኪሴ ውስጥ ነው። አላወጣሁትም። ቃለ ጉባኤውን አነበብኩ፣ የወንድሜን ስም ሳልዘል። «ሳቅ» የሚለውንም ጮክ ብዬ አነበብኩት።

«ከመካከላችሁ አንዱን ልከስ ነበር የመጣሁት» አልኩ። «ንጉሥ ቢኖረን ደስ ባለኝ፤ በእሱ አሳብብ ነበር። ግን የለንም። እኛው ነን ያደረግነው።»

74 ለ22 አለፈ። እማዬ ቀድማ አወጣች እጇን።

ሚስተር ከቲንግ ከተቃወሙት ውስጥ ነው! ደጅ ያዝኩት።

«ፈርመህልኝ የለም እንዴ?»

«ጉዳዩ ይቅረብ ብዬ ፈረምኩ። ይለፍ አልኩ?» ሳንድዊቹን እያኘከ። «ግብሬን አንተ ትከፍለዋለህ?»

ሃያ ሁለት ሰው። ከዚህ ሁሉ በኋላ! አሁንም እየተንጨረጨርኩ ነው።

ዓርብ፣ ኤፕሪል 19

አሥራ ስምንት ሞላኝ። የመሬቱ በረዶ ስለቀለጠ ትናንት የብረቱ ምሰሶዎች ተተከሉ።

ከትምህርት ቤት በቀጥታ ሚስስ ተትል ጋ። እኛ ግዛት መራጭ የሚሆን ሰው ይምላል። ቀኝ እጄን አነሳሁ። እሳቸው ያነባሉ፣ እኔ እደግማለሁ። ድምፄን እንደ ኅሊናዬ እንደምሰጥ፣ ማንንም ሳልፈራ፣ ለማንም ሳላዳላ...

እዚያ ላይ ቆምኩ።

«ምነው፣ ልጄ?»

አምና አሥራ ስምንት ሆኖኝ፣ ኦወን አጠገብ ተቀምጬ ቢሆንስ? ያንን ቀልዱን ሲናገር፣ ዞር ብሎ በዓይኑ ሲጠቅሰኝ? ከሁሉም በላይ እስቅ ነበር። እጄም ከእሱ እጅ ቀድሞ ይነሳ ነበር። አውቃለሁ።

«ከመጀመሪያው ይጀምሩልኝ» አልኳቸው። «ቀስ ብለው።»