ሳይታይ የቀረው ወረቀት፦ የመምህር መዝሙር ኃይለ ማርያም የሕይወት ታሪክ

መምህር መዝሙር ኃይለ ማርያም ከአባታቸው ከመሪጌታ ኃይለ ማርያም ወልደኢየሱስ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ሸዋአየሁ ተገኘ ግንቦት 12 ቀን 1951 ዓ.ም. ዳባት አጠገብ ተወለዱ። አባታቸው ለድጓ አስበዋቸው ነበር፤ እርሳቸው ግን ዳዊት እንደጨረሱ ልባቸው ወደ ቁጥር አዘነበለ። አንደኛ ደረጃን ዳባት፣ ሁለተኛ ደረጃን ጎንደር ከተማ ተምረው በ1974 ዓ.ም. በሒሳብ በዲፕሎማ ተመረቁ። ከዚያም በደባርቅና በማክሰኝት አስተማሩ።

በ1980 ዓ.ም. ከወ/ሮ ሰብለ ወንጌል አበራ ጋር በተክሊል ጋብቻ መሥርተው መቅደላዊትንና ፍቅረ ማርያምን አፍርተዋል። ትምህርታቸውን ቀጥለው በስታቲስቲክስ ሁለተኛ ዲግሪያቸውን ካገኙ በኋላ፣ ከ1991 ዓ.ም. ጀምሮ በጡረታ እስከተገለሉበት እስከ 2011 ዓ.ም. ድረስ ጎንደር ከተማ በሚገኝ አንድ ኮሌጅ ጀማሪ ተማሪዎችን ስታቲስቲክስ አስተምረዋል።

ያስተማሯቸው ሁሉ እንደሚመሰክሩት፣ ትምህርቱን ከገበያና ከማሳ አምጥተው ያስረዱ ነበር። አማካይን ሲያስተምሩ፣ «አንዱ ጎረቤት ሃያ ኩንታል አስገባ፣ ሌላው ምንም። አማካዩ አሥር ነው። ባዶ ጎተራ ላለው ሰው ሄዳችሁ አሥር አለህ በሉት እስቲ!» ይሉ ነበር። ከአማካይ እስከ መላምት ፍተሻ የሚደርሱ አንድ መቶ ሃያ ጥያቄዎችን ከነአሠራራቸው በአንድ ጥራዝ አዘጋጅተው ነበር። በዚያ ጥራዝ ያልተማረ የኮሌጁ ተማሪ አልነበረም።

ከዚህ በታች ያለው እንዲነበብ መምህር መዝሙር በኑዛዜያቸው አዘዋል። «ይህ ሳይነበብ አፈር አታልብሱኝ» ብለዋልና፣ ቤተሰቡ እያፈረም ቢሆን ቃላቸውን ይፈጽማል።

በ2001 ዓ.ም. በፈተና ላይ ይህን ጥያቄ አወጡ፤ በሃያ አምስት ማሳ የተዘራ አዲስ የገብስ ዘር በአማካይ አሥራ ስምንት ኩንታል ሰጠ፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ አምስት ነው፣ ነባሩ ዘር የሚሰጠው አሥራ ስድስት ነበር፤ ጭማሪው የአጋጣሚ ነው ወይስ የዘሩ? አምስቱ የሚካፈለው ለሃያ አምስት ስኩዌር ሩት ስለሆነ የፍተሻው ውጤት ሁለት ይመጣል። ከዳባት ገጠር የመጣችው ሰርካለም በላቸውና ጓደኛዋ አበቡ ግን ሩቱን ትተው ለሃያ አምስት አካፈሉ፤ ሁለቱም አሥር ጻፉ። ተቀራርበውም ተቀምጠው ነበር።

መምህር መዝሙር ሁለቱን በክፍሉ ፊት አስቆሟቸው።

«ሁለት ሰው ተመሳሳይ ስሕተት በአጋጣሚ ይሠራል የሚለውን መላምት ውድቅ አድርጌዋለሁ» አሉ። ክፍሉ ሳቀ።

ሰርካለም፣ «መምህር፣ ከርስዎ ጥራዝ ነው እኮ ያጠናነው» አለች።

«በእኔ ጥራዝ እንዲህ ያለ ነገር የለም።»

ጥራዙን አምጪ አላሏትም። ሩትን መርሳት የጀማሪ ሁሉ ስሕተት መሆኑን ከማንም በላይ ያውቁ ነበር። ንጹሑን መኮነን ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠነቀቁት የሚገባ ስሕተት ነው እያሉ ያስተማሩትም ራሳቸው ናቸው። ኮሌጁ በእርሳቸው ቃል ልጆቹን ለአንድ ዓመት አገደ። አበቡ ተመልሳ ተመረቀች። ሰርካለም አልተመለሰችም።

በ2004 ዓ.ም. አንድ ተማሪ ጥራዙን ይዞ ቢሯቸው መጣና፣ «መምህር፣ እዚህ ላይ የሩቱ ምልክት የት ሄደ?» ሲል ጠየቃቸው። ከዚያ ፈተና ጥቂት ቀደም ብሎ የወጣው አዲሱ እትም በኮምፒዩተር ሲጻፍ ሰማንያ ሰባተኛው ጥያቄ ላይ ምልክቱ ተዘሏል። ወደ ማባዣ ከመሄዱ በፊት አይተው የፈረሙበት እርሳቸው ነበሩ። ሁለቱ ሴት ልጆች አንዱን አዲስ እትም ተጋርተው አጥንተዋል፤ ያን ዓመት የቀሩት ተማሪዎች የያዙት አሮጌውን ነበር። ተማሪውን አመስግነው ሸኙት፣ በሩንም ዘጉ።

ያን ዕለት ለባለቤታቸው ነገሯቸው። ወ/ሮ ሰብለ ወንጌል፣ «ያለፈ ነገር ነው፣ ዝም በል። ስምህ ቢጠፋ ልጆችህ ምን ይባላሉ?» አሏቸው። እርሳቸውም ዝም አሉ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ። ጥራዙን አርመው ሲያሳትሙም ለምን እንደታረመ ለማንም አልተናገሩም። ወ/ሮ ሰብለ ወንጌል ይህ የእርሳቸውም ድርሻ እንዲነበብ ራሳቸው ጠይቀዋል።

በ2006 ዓ.ም. ለንስሐ አባታቸው ሲናዘዙ፣ አባ «ለእኔ ነገርከኝ፤ ለልጅቱስ?» አሏቸው። በሳምንቱ ሰርካለም ማክሰኝት እህል እንደምትነግድ ሰምተው ሄዱ። ጤፍ ስትሰፍር አገኟትና ቆመው ሁሉንም ነገሯት።

ሰርካለም ቁናዋን አስቀመጠች። «ምነው መምህር፣ አሁን መጡ? አባቴ እኮ ልጄ ኮርጃ ተባረረች እያለ፣ አንገቱን እንደደፋ ሞተ። እኔ ብምል ብገዘት ከመምህሩ አንቺን ልመን ወይ አለኝ።»

ወደ ትምህርቷ እንድትመለስ ለመኗት። «ትምህርቱስ ይቅርብኝ። ስሜን አገሬ ላይ ይመልሱልኝ» አለቻቸው።

ኮሌጁ የእርሷንና የአበቡን መዝገብ እንዲያስተካክል ጻፉ፤ በመምህራኑ ፊትም በደላቸውን ተናገሩ። ከዚያ ዳባት ወጥተው አቶ በላቸው በተቀበሩበት ደብር ከቅዳሴ በኋላ ቆሙ። «ሰርካለም አልኮረጀችም። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» ብለው ለሕዝቡ ተናገሩ። አያ ሙሉሰው የሚባሉ የአቶ በላቸው ጎረቤት፣ «ሸጋ ነው መናገርዎ። በላቸው ግን አልሰማም» ብለው መለሱላቸው።

ከዚያ ወዲህ እስከ ጡረታቸው ድረስ ውጤቱ ያጠራጠራቸውን ተማሪ ብቻውን ጠርተው፣ «ከየት እንዳገኘኸው አሳየኝ» ሳይሉ ፈርደው አያውቁም። ሽልማት ሊሰጣቸው ሲታሰብም ሁለት ጊዜ እንቢ ብለዋል።

በ2015 ዓ.ም. የኩላሊት ሕመም ጸናባቸው። ፀዳ በሚገኘው ቤታቸው ሲታከሙ ቆይተው የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ65 ዓመታቸው አረፉ። ሥርዓተ ቀብራቸውም ዛሬ አዘዞ ይፈጸማል። ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸው፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውና እኅታቸው ወ/ሮ እስከዳር ኃይለ ማርያም በሐዘን ቀርተዋል።

ይህን የጻፈችው ልጃቸው መቅደላዊት ለወ/ሮ ሰርካለም መርዶ ልካለች፤ መምጣት አለመምጣታቸውን ቤተሰቡ አያውቅም። ከመካከላችን ካሉ፣ ሁላችንም ይቅርታዎን እንለምናለን። ባይሰጡንም አንቀየምም።

እግዚአብሔር አምላክ የአገልጋዩን የመዝሙርን ነፍስ ይማር፤ አቶ በላቸው ካሉበት አድርሶ፣ ሳይሰሙት ያለፉትን ቃል ራሱ እንዲነግራቸው ይፍቀድለት። አሜን።