ከገጽ 22 ወደ ገጽ 25 ለሚዘለው ሕገ መንግሥት ባለቤቶች

ለክቡር የሽግግር ምክር ቤት የሕግ አርቃቂ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ ሙሉ ጤና እመኛለሁ። በተለይ ለጉሮሮዎ፤ ምክንያቱም «ሽግግሩ በቅርቡ ይጠናቀቃል» የሚለውን ንግግርዎን በሬዲዮ ይኸው ለሦስተኛ ዓመት ሲደግሙት ድምፅዎ ትንሽ የሻከረ ስለመሰለን እኔም እናቴም ተጨንቀናል። የወንበርዎን ደኅንነት ግን አልጠይቅም፤ እሱ ደህና እንደሆነ አገር ያውቃል።

እኔ በመንግሥት ማተሚያ ቤት ምድር ቤት ውስጥ፣ ከወረቀት መቁረጫው ማሽን ጀርባ ባለው ረጅም ጠረጴዛ ላይ ሃያ ስድስት ዓመት መጽሐፍ ስጠርዝ የኖርኩ ሴት ነኝ። የቀድሞውን መንግሥት ሕግ በቆዳ ጠርዣለሁ። ሕዝቡ አደባባይ ወጥቶ ያንን መንግሥት ከጣለ በኋላም የእናንተን ጊዜያዊ ሕገ መንግሥት የመጀመሪያ ቅጂዎች እንባዬ ወረቀቱን እንዳያበላሸው ፊቴን እያዞርኩ ያዘጋጀሁት እኔው ነኝ። ስለዚህ ሰነዱን ከክቡርነትዎ ባልተናነሰ አውቀዋለሁ ብል እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ። ጊዜዎ የተጣበበ መሆኑን ስለማውቅም ቅሬታዎቼን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ሰነዱ ወደ ማተሚያ ቤቱ በመጣ ዕለት የመስፊያ ክሬን በሰም አሽቼ፣ መርፌዬን መርጬ ስጠብቅ፣ ከኮሚቴዎ «አይሰፋ፤ ማሻሻያ ሲኖር ገጽ ለመቀየር እንዲያመች በቀለበት ክላሰር ይደረግ» የሚል ደብዳቤ ደረሰን። እኔ በዕድሜዬ የስልክ ቁጥር ዝርዝርና የዕቃ ግምጃ ቤት ቅጽ በቀለበት አድርጌ አውቃለሁ፤ የአገር የበላይ ሕግ ግን አድርጌ አላውቅም ነበር። አርቆ አሳቢነትዎን ግን ዛሬ ከልብ አመሰግናለሁ። በአሥራ ስምንት ወር ያልቃል የተባለው ሽግግራችን ከርሞ ጥጃ ሆኖ ዘጠኝ ጊዜ ገጽ ስንቀይር፣ ቀለበቱ ባይኖር ኖሮ ምን ይውጠን ነበር? የአንዳንዱ ገጽ ቀዳዳ ከመከፈትና ከመዘጋት ብዛት ስለተቀደደ ዙሪያውን በማጣበቂያ ወረቀት እየጠገንኩ መሆኔንም በዚሁ አጋጣሚ ሪፖርት አደርጋለሁ።

2ኛ. ከአሥራ ሦስት ወር በፊት፣ ሽግግሩ የሚያበቃበትን ቀን የሚወስነው አንቀጽ 40 ቀኑ እየተቃረበ በመምጣቱ ምክንያት አላስፈላጊ ሆኖ ስለተገኘ፣ ምክር ቤቱ በጭብጨባ ሰረዘው። በማግስቱ «ገጽ 23 ከሁሉም ቅጂዎች ወጥቶ ይወገድ፤ ምትኩ ይላካል» የሚል ትእዛዝ መጣልን። ከየፍርድ ቤቱና ከየመሥሪያ ቤቱ የተሰበሰቡትን አራት መቶ አሥራ ሁለት ቅጂዎች በሁለት ቀን ውስጥ ከፍተን፣ ገጹ ያለባትን ቅጠል አውጥተን፣ ዘግተን መለስን።

ክቡር ሆይ፣ ወረቀት ፊትና ጀርባ እንዳለው ለተማረ ሰው ማስረዳት ነውር ነው። ነገር ግን ከገጽ 23 ጀርባ ገጽ 24 ነበረ። በገጽ 24 ላይም ማንም ያልሰረዘው፣ ማንም ያላጨበጨበበት፣ አንቀጽ 41 ነበረ፦ በቀድሞው መንግሥት ያለ ፍርድ የታሰረ ሰው ቤተሰቡ ለፍርድ ቤት ሲያመለክት በሰባት ቀን ውስጥ ይፈታል የሚለው። ሳሩን አይቶ ገደሉን ስላላየው በሬ የሚነገረውን ተረት ለክቡርነትዎ መጥቀስ ስለማይገባ ትቼዋለሁ።

ጥፋቱ የእርስዎ ብቻ ነው ብዬም አልዋሽም። ጠራዥ ከገጹ ግርጌ ያለውን ቁጥር እንጂ ቃሉን አያነብም፤ ሲያስተምሩን «ማንበብ ከጀመርሽ እጅሽ ይሳሳታል» ብለው ነው። እኔም ሳላነብ፣ በዚህ አውራ ጣቴ፣ የገዛ ወንድሜን መፍቻ አራት መቶ አሥራ ሁለት ጊዜ ስቤ አወጣሁ። ይህን ባሰብኩ ቁጥር እጄን የት እንደማደርገው ይጠፋኛል።

3ኛ. ይህ ተራ ቁጥር በሚመለከተው አካል ትእዛዝ ወጥቷል፤ ምትኩ ይላካል።

4ኛ. ታናሽ ወንድሜ የሒሳብ መምህር ነው። የቀድሞው ገዢ ስንት ዓመት በሥልጣን ላይ እንደቆዩ ተማሪዎቹን በጥቁር ሰሌዳ ላይ አስደምሮ፣ መልሱ ትክክል ስለነበረ ታሰረ። ከአብዮቱ በኋላ አብረውት የነበሩት ሁሉ በአንቀጽ 41 ሲወጡ፣ የእሱ ፋይል በስህተት ሌላ ከተማ ሄዶ ስለነበር ቀጠሮው ዘገየ። የተያዘለት ቀን ቅጠሏ ከወጣች በአሥረኛው ቀን ነበር።

በዚያ ቀን ከእናቴ ጋር ከዳኛው ፊት ቆምን። ዳኛው ደግ ሰው ናቸው። ጣታቸውን በምራቅ እያረጠቡ ገጽ 22 ላይ ደረሱ፣ ዓይናቸው ወደ ትይዩው ተሻገረና ገጽ 25 ላይ ዐረፈ፤ ወደ ኋላ ተመልሰውም ሁለት ጊዜ ገለጡ። በመጨረሻም መነጽራቸውን አውልቀው «እህቴ፣ እኔ የማየው ያለውን ነው፤ የሌለውን እንዴት አድርጌ ልይልሽ?» አሉኝ። ቅጠሏ የት እንደሄደች ደግሞ ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ ሰው በዚያ ችሎት አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ለኮሚቴዎ ስድስት ደብዳቤ ጽፌያለሁ። የእርስዎ ጽሕፈት ቤት ጉዳዩ የማተሚያ ቤቱ ነው አለኝ፤ ማተሚያ ቤቱ የምክር ቤቱ ነው አለኝ። ስለ ምትክ ገጹም ሁለት አንቀጾች በአንድ ሉክ ላይ ስለነበሩ የቁጥር አደራደሩ እየተጠና ነው ተባልኩ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይህ ነው፤ እናንተ የሸሻችሁት አንድ ቀን ነበረ፣ የታሰረው ግን ወንድሜ ነው። እሱ እንኳን ነገሩን ስነግረው ከሽቦው ወዲያ ሆኖ ስቆ «ተማሪዎቼ ከሃያ ሁለት ቀጥሎ ሃያ አምስት ነው ቢሉኝ ዜሮ ነበር የምሰጣቸው» አለኝ። ሲስቅ ሁለት ጥርሱ እንደወለቀ አየሁ፤ እናቴ ዓይኗ ስለደከመ አላየችም። እሷ ቅዳሜ ቅዳሜ የታጠበ ሸሚዝ ይዛ ትሄዳለች፤ ማታ ማታ ደግሞ ከሥራ ስገባ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ «ያቺ ወረቀት መጣች?» ትለኛለች። እኔ ሕገ መንግሥት የምጠርዝ ሴት ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ማሰሪያ እፈታለሁ። ደክሞኛል፤ አፍሬያለሁም።

ክቡር ሆይ፣ ጊዜያዊ የሚለውን ቃል ትርጉም ስላሰፉልን፣ ሕግ እንደ በር መዝጊያ ከማጠፊያው ሊወልቅ እንደሚችል ስላስተማሩን፣ ጭብጨባችሁም እስከ ምድር ቤት ድረስ ስለሚሰማ በሥራ ሰዓት ስላላስተኛን፣ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

አንድ ቅጠል እስኪመለስ የምትጠብቅ፣ ለወንበርዎ ዕድሜ መጸለይ ያቃታት፣ የክቡርነትዎ ትሑት ጠራዥ

ከማተሚያ ቤቱ ምድር ቤት

ማስታወሻ፦ የሥልጣን ዘመናችሁ እንደገና በመራዘሙ ባለፈው ሰኞ ሁላችሁም ቃለ መሐላ የፈጸማችሁበት ቅጂ፣ ከሥነ ሥርዓቱ ሦስት ቀን በፊት ቀለበቱ ተሰብሮ «በአስቸኳይ ይጠገን» ተብሎ ወደ እኔ ጠረጴዛ መጥቶ ነበር። መለዋወጫ ቀለበት ስላልነበረን፣ ከዳር እስከ ዳር በአንድ ክር ሰፋሁት። በእኛ ሙያ ከማንኛውም ሥራ አንድ ቅጠል ለናሙና ማስቀረት ደንብ ስለሆነ፣ ገጽ 23ና 24ም ከመሳቢያዬ ወጥታ ቦታዋን ይዛለች። ሕዝቡ በቴሌቪዥን እያየ፣ እርስዎ ቀኝ እጅዎን ጭነው «በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ያለውን ሁሉ ላከብር» ብለው ምለዋል። አሁን እሷን ለማውጣት ክሩን መበጠስ ያስፈልጋል፤ ክሩ ከተበጠሰ ደግሞ እርስዎን የሾመው ገጽ 7 አብሮ ይረግፋል። ነገ ጠዋት ይህን ለዳኛው ልነግራቸው እሄዳለሁ፤ መጽሐፉንም ከምክር ቤቱ አስመጥተው እንዲያዩት እጠይቃቸዋለሁ። የማየው ያለውን ነው ብለውኝ ነበር፤ አሁን አለ።